«እኔ» ያለው ማን ነው?

እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሁሉ የማይረሳው አንድ መልመጃ አለ፤ ይኸውም «የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ከዳይሬክት ስፒች ወደ ሪፖርትድ ስፒች ለውጡ» የሚለው ነው። ተማሪው «ኢዝ» «ዋዝ» ይሆናል፣ «ዊል» «ዉድ» ይሆናል፣ «ቱሞሮ» «ዘ ኔክስት ዴይ» ይሆናል እያለ ሠንጠረዡን በቃሉ ያጠናል፤ ፈተናውንም ያልፋል። ሥራ ይዞ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በእንግሊዝኛ ጻፍ በተባለ ጊዜ ግን ሠንጠረዡ ያላስጠነቀቀው ችግር ይገጥመዋል።

በአንድ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ «ለዚህ ጉዳይ ኃላፊው እኔ ነኝ» ብለው ተናገሩ እንበል። ይህን በአማርኛ ለባልደረባችን ስናወራ «ሥራ አስኪያጁ ኃላፊው እኔ ነኝ አሉ» እንላለን። ሰሚያችንም «እኔ» የተባለው ሥራ አስኪያጁ እንጂ እኛ እንዳልሆንን ሳይጠይቅ ያውቃል። ይህንኑ ቃል በቃል ወስዶ «ዘ ማኔጀር ሴድ ዛት አይ አም ሪስፖንሲብል» ብሎ የጻፈ ወጣት ጸሐፊ ግን ኃላፊነቱን ከሥራ አስኪያጁ ትከሻ አውርዶ በገዛ ራሱ ላይ ጭኖታል። ወረቀቱ ከፋይል ወጥቶ የሚነበበው ነገር ከተበላሸ በኋላ ስለ ሆነ፣ የአንዲት «አይ» ዋጋ ቀላል አይደለም። መጻፍ የነበረበት «ዛት ሂ ዋዝ ሪስፖንሲብል» ብሎ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በእንግሊዝኛ የሰው ቃል ያለ ትእምርተ ጥቅስ ሲተላለፍ፣ ማንነቱም ጊዜውም ቦታውም የሚለካው ወሬውን ከሚያስተላልፈው ሰው ወንበር ነው። በአማርኛ «አለ» ስንል ግን ወንበሩን ለተናጋሪው እንለቅለታለን። ይህን የተረዳ ተማሪ ሠንጠረዡን ባያጠና እንኳ ብዙውን ያገኘዋል። እንዲያውም ሠንጠረዡ አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል፤ ወሬው የሚነገረው በዚያው ቀን ከሆነ «ቱሞሮ» «ቱሞሮ» እንደ ሆነ ይቀራልና። «ሂ ሴድ ዛት ሂ ዋዝ ኢል» የሚለውንም ብዙዎች «ታሞ ነበር፤ አሁን ግን ድኗል» ብለው ይተረጕሙታል። «ዋዝ» እዚህ ላይ «ሴድ»ን ተከትሎ ወደ ኋላ ሄደ እንጂ ሰውየው ተሻለው አላለም፤ ዛሬም አልጋ ላይ ሊሆን ይችላል።

የአማርኛው «እኔ» በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድም ስሙ ተነሥቷል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1977 ጽፎ በ1989 በታተመው ጥናቱ፣ «እኔ»ን ከተናጋሪው ነጥቆ ለሌላ የሚሰጥ ነገር በእንግሊዝኛ የለም፤ ሊጨመርም አይችልም ሲል ተከራከረ። እንዲህ ያለውንም ነገር «ጭራቅ» ብሎ ሰየመው። በ2003 ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ፊሊፕ ሽሌንከር ለእነዚሁ ጭራቆች ጥብቅና ቆሞ ሲጽፍ፣ ካቀረባቸው ዋና ምስክሮች አንዱ አማርኛ ነበረ። እኛ በየቀኑ ቡና ስንጠጣ የምንናገረው ነገር በሊቃውንት ቋንቋ ጭራቅ ሆኖ መገኘቱ ሳያስቀን አልቀረም።

ይሁንና አማርኛችን ሁልጊዜ ግልጽ ነው ብለን አንመካም። አንድ ሰው «ተላላኪው አለቃ ይፈልጉኛል አለ» ብሎ ቢነግረን፣ የተፈለገው ተላላኪው ነው ወይስ የሚነግረን ሰው? ሁለቱም ያስኬዳል። እንግሊዝኛም በበኩሉ የራሱ ጉድ አለው። «ዘ ዳይሬክተር ቶልድ ዘ ክለርክ ዛት ሂ ሃድ ሎስት ዘ ፋይል» ከተባለ ፋይሉን የጣለው ዳይሬክተሩ ነው ወይስ ጸሐፊው? «ሂ» ለሁለቱም ይሆናል። በአማርኛ ግን «ፋይሉን ጥለሃል አሉት» እና «ፋይሉን ጥያለሁ አሉት» ተለያይተው ስለሚነገሩ ማንም ያለ ጥፋቱ አይወቀስም።

ሌላው ወጥመድ «አለ» የሚለው ቃላችን ራሱ ነው። አማርኛ አፍ የሌለውን ሁሉ ያናግራል። «በሩ አልከፈት አለ»፣ «መኪናው አልነሣ አለ» እንላለን፤ በሩንም እንደ ሰው «እኔ» እናሰኘዋለን። ይህ በእንግሊዝኛ በ«ሴድ» ሳይሆን «ዘ ዶር ዉድ ኖት ኦፕን» ተብሎ ነው የሚጻፈው። «ዝናብ ይመጣል ብሎ ጃንጥላ ያዘ» ስንልም ሰውየው አስቦ እንጂ ተናግሮ ስላይደለ ቃሉ «ቶት» ነው። «ዝም አለ»ማ ከሁሉ ይብሳል፤ ምንም ያልተናገረውን ሰው «አለ» እንለዋለን!

ስለ ጥያቄና ስለ ትእዛዝ ብዙ ማለት አያስፈልግም። «ወዴት ትሄዳለህ ብሎ ጠየቀኝ» የሚለው «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ዋዝ ጎይንግ» ይሆናል፤ «ዌር ዋዝ አይ» ብሎ ቃሉን መገልበጥ ስሕተት ነው። «ና አለኝ» ደግሞ «ሂ ቶልድ ሚ ቱ ከም» ነው። «ሂ ሴድ ሚ» የሚለውን ግን ከዲግሪ በኋላም በየደብዳቤው እናገኘዋለን።

ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊ የምንመክረው ይህን ነው፤ «ሂ» ማንን እንደሚያመለክት በተጠራጠረ ጊዜ ማዕረጉን ደግሞ ይጻፍ፤ «ዛት ዘ ክለርክ ሃድ ሎስት ዘ ፋይል» ቢል ቃሉ ይደጋገማል እንጂ ሰው አይጎዳም። ገንዘብን ወይም ኃላፊነትን የሚመለከት ቃል ሲነገር ግን ለውጡን ትቶ፣ ተናጋሪው ያለውን እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስፍረው። በዚያ ውስጥ «አይ» የተናጋሪው ነው።