«ያ ሁሉ ብር የት ገባ?»

«ጤፍ አገር ቁጭ ብለህ ኑሮን ታማርራለህ?» ይሉኛል የአዲስ አበባ ወዳጆቼ። ጎበዝ፣ ጤፉ እኮ የገበሬው ነው! እኔና ባለቤቴ እዚህ ቁይ በኪራይ ቤት የምንኖር፣ እንጀራውንም ገዝተን የምንበላ ነን።

ባለፈው ሰሞን ውሃ ከጠፋ በሦስተኛው ቀን መብራትም ሄደ። ባለቤቴ ጀሪካን ተሸክማ ስትገባ እኔ ሆዬ ጨለማው ውስጥ እንደተጎለትኩ «ያ ሁሉ ብር የት ገባ?» አልኳት። ምንም አልመለሰችም። ጠዋት ስነቃ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስትከት አገኘኋት።

«መጀመሪያ ቁጠረው፣ ከዚያ ትጠረጥረኛለህ» አለችኝ።

ደብተር ይዘን ቁጭ አልን። ዘይት፣ ሳሙና፣ ከሰል፣ ሻማ... የባከነ አንዲት ሳንቲም የለም! ሌባው ገበያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ዘይትም የሚገዛው በዚሁ ዶላር ነው። የኛ ገቢ እንደዚያ መሮጥ ከየት ያምጣ?

እናንት አዲስ ባለትዳሮች፣ የመብራቱንና የገበያውን ንዴት ቤታችሁ ይዛችሁ አትግቡ። ደመወዝ የተቀበላችሁ ዕለት ማታ ደብተሩን አብራችሁ ያዙት። ጀሪካን መሸከምም የሴት ሥራ ብቻ አይደለም፤ እኔ ጀምሬያለሁ።

ሻንጣው? አልጋ ሥር ተመልሷል። ቁልፉ ግን እሷ ጋ ነው!