ሹመት የሌለው እንደራሴ ኃይሉ ምንድን ነው?

ከቦሌ ወይም ከየካ መርጣችሁ ወደ አራት ኪሎ የላካችሁት እንደራሴ የሚኒስትርነት ሹመት ከሌለው፥ በፓርቲው ዘንድ ምን ኃይል አለው ትሉ ይሆናል።

የፓርቲው መሪዎች ነገሩን አስቀድመው ይቈርጣሉ፤ ከእንደራሴው የሚጠበቀው እጁን ማንሣት ነው። ኃይሉም ያለው በዚያው እጅ ነው፤ እጅ ካልተነሣ አዋጅ አይጸድቅምና። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940 ጠቅላይ ሚኒስትር ቻምበርሌን 281 ለ200 በሆነ ድምፅ አሸነፉ፤ ነገር ግን ከገዛ ፓርቲያቸው ብዙዎች ስለ ተለዩዋቸው በሁለተኛው ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ የምክር ቤቱን 547 መቀመጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ጠቅልለው ያዙት። ሆኖም የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለድምፅ በቀረበ ጊዜ 395 ሲደግፉ፥ 88 ተቃወሙ፥ 7 ድምፀ ተዐቅቦ አደረጉ። አዋጁ ጸደቀ፤ ነገር ግን በግንባሩ ውስጥ ተሸፍኖ የቈየው ልዩነት በቍጥር ተገለጠ።

የሕገ መንግሥቱ 54ኛ አንቀጽ እንደራሴው ለሕገ መንግሥቱ፥ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንዲገዛ ያዛል፤ ፓርቲ በዚያ ዝርዝር የለም። ስለዚህ እንደራሴያችሁን በሹመቱ ሳይሆን፥ እጁን ባነሣበትና ባላነሣበት ጊዜ መዝኑት።