የጀልባ ውድድርና መዋጮ፦ ከቴምዝ እስከ ዓባይ ዳር



በውጭ አገር የኮሌጅ ተማሪዎች በዓመት አንድ ቀን ጀልባ እየቀዘፉ ይሽቀዳደማሉ፤ በዚያውም ገንዘብ ይሰበስባሉ። ጀልባና ገንዘብ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ነገሩ ከካርቱምም ጋር ዝምድና ስላለው በዚህ እትም ልናጫውታችሁ ወደድን።

እ.ኤ.አ. በ1829 ቻርልስ ሜሪቬል የተባለ የኬምብሪጅ ተማሪ በኦክስፎርድ የሚማረውን ጓደኛውን ቻርልስ ዎርድስወርዝን ለግጥሚያ ጠራው። ሁለቱ በልጅነታቸው አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ጁን 10 ቀን በሄንሊ ከተማ በቴምዝ ወንዝ ላይ ተወዳድረው ኦክስፎርድ አሸነፈ። ሕዝቡ እንዴት እንደጎረፈ ያዩት የሄንሊ ሰዎችም በ1839 የራሳቸውን ዓመታዊ ውድድር አቋቋሙ። ምክንያታቸው ስፖርት ብቻ አልነበረም፤ እንግዳ እንዲመጣና ገበያቸው እንዲደራ ነው።

በትልቁ ጀልባ ስምንት ቀዛፊዎችና አንድ መሪ ይቀመጣሉ። ቀዛፊዎቹ ጀርባቸውን ለመድረሻው ሰጥተው ስለሚቀዝፉ ወደፊት የሚያየው መሪው ብቻ ነው። ለዚህም ቀላል ክብደት ያለው ሰው ይመረጣል። የእኛ የጣና ታንኳ ቀዛፊ ግን ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ነው የሚቀዝፈው።

እንዲህ ያለው ጀልባ ውድ ነው። ስለዚህ የተማሪ ክለቦች ከተወዳዳሪው የመመዝገቢያ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ለተመልካች ሻይና ምግብ ይሸጣሉ። ቀዛፊውም ዘመዱንና ባለሱቁን «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ብቀዝፍ ስንት ትሰጣለህ?» ብሎ ቃል ያስገባል። የተገኘው ለክለቡ ወይም ለበጎ አድራጎት ይውላል።

አሁን ወደ ካርቱም እንምጣ። እንግሊዞች ሱዳንን ሲገዙ ከሹማምንቱ ብዙዎቹን የመረጡት ከኦክስፎርድና ከኬምብሪጅ ስፖርተኞች ነበር። ዩኒቨርሲቲውን ወክሎ የተጫወተ ሰው እንደ ማሊያው ቀለም «ሰማያዊ» ይባላል። ሱዳን ማለት በዐረብኛ የጥቁሮች አገር ማለት ስለሆነ «የጥቁሮች አገር በሰማያዊዎች ትገዛለች» ተብሎ ተቀለደ። ቀልዱ ተገዢውን የሚያስቅ አይመስለንም።

ሹማምንቱ ጨዋታቸውንም ይዘው መጡ። በሰማያዊ ዓባይ ላይ ግን የሚሽቀዳደሙት በመቅዘፊያ ሳይሆን በሸራ ነበር። ክለባቸው ከ1926 ጀምሮ ቤት ያደረገው «መሊክ» የተባለውን የጦር መርከብ ነው። ይህ መርከብ ለንደን ተሠርቶ፣ ተፈታትቶ መጥቶ ዓባይ ላይ የተገጣጠመ ሲሆን በ1898 በኦምዱርማን ጦርነት ተዋግቷል። ከ2023ቱ ጦርነት በፊት ካርቱም የኖራችሁ ወላጆች ወንዙ ዳር አይታችሁት ይሆናል።

መዋጮውም ከዚያው ጦርነት ጋር ይያያዛል። የጦሩ አዛዥ ኪችነር ከድሉ በኋላ በጎርደን ስም ካርቱም ላይ ኮሌጅ ለማሠራት ከሕዝብ 100,000 ፓውንድ ጠየቀ። የሚፈለገው ስንት እንደሆነና ለምን እንደሚውል ቁርጥ አድርጎ በመናገሩ ይመስለናል፣ ገንዘቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞልቶ ተረፈ። ኮሌጁ በ1902 ተከፈተ፤ በ1956 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሕንጻውን የሚያውቅ ሰው በመዋጮ መሠራቱን ሲሰማ ይገረማል።

ሴት ልጆች ያላችሁ ወላጆች ይህንንም ስሙ። የኦክስፎርድና የኬምብሪጅ ሴቶች ከ1927 ጀምሮ ቢወዳደሩም፣ ከወንዶቹ ጋር በአንድ ቀንና በአንድ መስመር መቅዘፍ የተፈቀደላቸው ገና በ2015 ነው።

ለተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለን። በ1912 የሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ጀልባዎች ውኃ ሞልቷቸው ውድድሩ በሌላ ቀን ተደግሟል። እነዚያ የሠለጠኑ ቀዛፊዎች ነበሩ። ዓባይ ደግሞ በነሐሴና በመስከረም የአገራችንን አፈር ይዞ ሲወርድ ይደፈርሳል፤ ጥልቀቱ አይታይም፤ ጉልበቱም ይጨምራል። በእነዚህ ወራት ያለ ትልቅ ሰው ወደ ወንዝ አትውረዱ፤ በርሜልና ጎማ አስራችሁም ጀልባ አትሥሩ።