«ሄርሜቲክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ፍቺና አመጣጥ

መካኒሳ በሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ወይም በሌላ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ለሚያጠና ሰው «ሄርሜኑቲክ» የዘወትር ቃል ነው። «ሄርሜቲክ» ሲያጋጥመው ግን ከዚሁ ጋር ሊያምታታው ይችላል። ፍቻቸው ተቃራኒ ነው፤ የፊተኛው መተርጐምን፣ የኋለኛው ጥብቅ አድርጎ መዝጋትን ያመለክታል።

በግብጽ የነበሩ ግሪኮች የአማልክት መልእክተኛ የሚሉትን ሄርሜስን ከግብጻውያን ቶት ጋር አዋሕደው «ሦስት ጊዜ ታላቅ» አሉት፤ ምሥጢራውያን መጻሕፍትም በስሙ ተጻፉ። የአልኬሚ ጠቢባን የጥበባቸው አባት ስላደረጉት፣ አየር እንዳያስገባ ተደርጎ የሚታሸገው የብርጭቆ ዕቃቸው በእርሱ ስም ተጠራ። ዛሬ ፍቺው ተዘግቶ ለአንባቢ የማይገለጥ ግጥም ሳይቀር በዚሁ ቅጽል ይጠራል።

«ሄርሜኑቲክ» የመጣው «ተረጐመ» ከሚል የግሪክ ግስ ነው። ፕላቶን በ«ክራጢሎስ» የሄርሜስን ስም «ተርጓሚ» ከሚለው ቃል ጋር ያዛምዳል፤ በሐዋርያት ሥራ 14፥12ም የልስጥራ ሰዎች ጳውሎስን ዋና ተናጋሪ በመሆኑ በዚህ ስም ጠርተውታል። ዝምድናው ማራኪ ቢሆንም በሥነ ልሳን አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ በመመረቂያ ጽሑፍ እንደ እርግጠኛ ነገር ባይጻፍ ይመረጣል።

ለአማርኛ ተርጓሚ «ሄርሜኑቲክ» አያስቸግርም፤ «አንድም» እያለ ፍቺ የሚደራርበው የአንድምታ ጉባኤ «ትርጓሜ» የሚለውን ቃል አዘጋጅቶ አቆይቶታል። «ሄርሜቲክ» ግን እንደ አገባቡ «አየር የማያስገባ»፣ «ምሥጢሩ የተዘጋ» ወይም «የሄርሜስ ትምህርት» ሊባል ይገባል።