የሚገዛው ሴንሰር ነው ወይስ ግምት?

ስሙን ከጣሊያኑ የመኪና አምራች ከላንቺያ እንደወረሰ የሚነገርለት ላንቻ ዛሬም ከመኪና ወሬ አልተላቀቀም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያገለገለ የቤንዚን መኪና ሕመም የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የገበያም ጉዳይ ሆኗል።

ከሕመሞቹ አንዱ የስሮትል ሴንሰር ነው። አየር ወደ ሞተር የሚገባበት በር ምን ያህል እንደተከፈተ ለመኪናዋ ኮምፒዩተር የሚናገረው ይኸው ዕቃ ነው። ሲበላሽ ሚኒሞ ይዋዥቃል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ያመነታል፣ አውቶማቲክ ማርሽም አለጊዜው ይቀይራል። ችግሩ፣ ካንዴላ ሲያረጅም ሆነ የቤንዚን ፖምፓ ሲደክም መኪናዋ ተመሳሳይ ጠባይ ማሳየቷ ነው። በግምት አንድ በአንድ መቀየር ደግሞ ለመለዋወጫ ሻጭ ካልሆነ በቀር ለማንም አያዋጣም።

ምርመራው ግን ውድ አይደለም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ላይ በኮፋኖ ሥር ካለችው የመመርመሪያ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ተገናኝተው ቁልፍ ሲከፈት፣ የሞተር መብራቷ አራት ጊዜ፣ ጥቂት ቆይታ አንድ ጊዜ ብልጭ ካለች ቁጥሩ 41 ነው፤ የስሮትል ሴንሰር መስመር ማለት ነው። በኋላ የመጡት መኪኖች በማሽን ሲነበቡ ከፒ0120 እስከ ፒ0123 ያሉትን ቁጥሮች ይሰጣሉ።

ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ የሚጠቁመው መስመሩን እንጂ ዕቃውን አይደለም። የተላጠ ሽቦም ሆነ የዛገ ሶኬት ያንኑ ቁጥር ያወጣል። ሶኬቱ ተነቅሎ በቴስተር ሲለካ 5 ቮልት ያህል ካልመጣ ሴንሰር መግዛት ከንቱ ነው። ከመጣ ሶኬቱ ይመለስና፣ ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ተከፍቶ የምልክት ሽቦው ይለካል። ፔዳሉ ቀስ ተብሎ ሲረገጥ ንባቡ ከ0.5 ቮልት አካባቢ ተነሥቶ ሳይቆራረጥ ወደ 4 ቮልት ግድም መውጣት አለበት። መሐል ላይ ከዘለለ ወይም ከጠፋ ጥፋተኛው ሴንሰሩ ነው።

ሶማሌ ተራ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ግን የስሮትሉን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በገመድ በሚሳበው አሮጌ ስሮትል ላይ ሴንሰሩ በሁለት ብሎን ተፈትቶ ለብቻው ይቀየራል። ገመድ በሌላቸው ብዙ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ከስሮትሉ ጋር አንድ አካል ስለሆነ ሙሉው ይገዛል።

መኪና ለሚገዛ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ባትሪ ለጥቂት ጊዜ ሲነቀል መብራቷ ልትጠፋ ትችላለች፤ ሕመሙ ግን ባለበት ነው። በማሽን ሲያስመረምር ኮድ አለመኖሩን ብቻ አይቶ አይርካ፤ ኮምፒዩተሩ የራሱን ፍተሻ ጨርሶ እንደሆነም ያስነብብ። ያልተጠናቀቀው ከበዛ በቅርቡ ባትሪ ተነቅሏል ወይም ኮድ ተሰርዟል ማለት ነው። ሻጩን «አንድ ሁለት ቀን ንዳትና መልሰህ አምጣት» ማለት ነውር የለውም።