የትምህርት ዋጋ የማይጠይቀው የቤርያ ኰሌጅ

ወላጆች ልጃቸውን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለመላክ ሲያስቡ አስቀድመው የሚጠይቁት «ክፍያው ስንት ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም፤ የልጅ ትምህርት ከቤት ወጪ የሚታሰብ ነውና። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ግን ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ቤተ ሰብ ያስደነግጣል። ይልቁንም «ሊበራል አርትስ» የሚባለውን ትምህርት፣ ይኸውም ሥነ ጽሑፍን፣ ታሪክን፣ ፍልስፍናን፣ ሒሳብንና የተፈጥሮን ዕውቀት በአንድነት የሚያስተምሩት ትንንሽ ኰሌጆች ክፍያቸው ከባድ ነው። ከነዚህም ብዙዎቹ በገጠር የተተከሉ ናቸው፤ ሁሉም ተማሪዎቻችን ጥቂቶች ናቸው፣ መምህሩም እያንዳንዱን በስሙ ያውቀዋል እያሉ ይናገራሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ከተናገሩ ደግሞ አንዱን ከሌላው ለይቶ ለማወቅ ያስቸግራል።

በኬንታኪ ግዛት፣ በአፓላችያ ተራሮች ግርጌ የሚገኘው የቤርያ ኰሌጅ ግን ከ1892 ጀምሮ ከተማሪዎቹ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሌላው ኰሌጅ መክፈል የሚችለውን ተማሪ ሲፈልግ፣ ቤርያ የሚፈልገው ለመማር ችሎታ ኖሮት መክፈል ያቃተውን ነው። ተማሪዎቹ 1,500 ያህል ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የመጡት ከዚያው ከተራራው አገር፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተ ሰቦች ነው።

ነገር ግን ማንም እጁን አጣጥፎ አይማርም። እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ በሳምንት 10 ሰዓት መሥራት ግዴታው ነው። አንዱ በኰሌጁ እርሻ ከብት ይጠብቃል፤ ሁለተኛው በደኑ ውስጥ ይሠራል፤ ሌላው በቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ያድላል፤ ሌላዋ በሸማኔ ዕቃ ላይ ተቀምጣ ትሸምናለች። ኰሌጁ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቈጠረ የመጥረጊያ መሥሪያ ክፍልም አለው። በ1909 የተከፈተው ቡን ታቨርን የተባለው ሆቴል ለኰሌጁ እንግዶች የቆመ ነው፤ በዚያም ከሚያስተናግዱት መካከል ተማሪዎች አሉበት። ለሥራው መጠነኛ ደመወዝ ይከፈላል፤ አሠራሩም እንደ ትምህርቱ ይመዘናል። እኔን ከሁሉ ደስ የሚያሰኘኝ ይህ የሥራው መመዘን ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች የእጅ ሥራን ለችግረኛው ልጅ መቀጫ፣ ለሀብታሙ ልጅ መዝናኛ አድርገው ይሰጡታል፤ በቤርያ ግን ሁሉም ስለሚሠራ፣ መጥረጊያ የያዘ ተማሪ በጓደኛው ፊት የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ የመምህራኑ ደመወዝ ከየት ይመጣል? ብሎ አንባቢ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። በ1920 የኰሌጁ አስተዳዳሪዎች አንድ ደንብ አወጡ፤ በኑዛዜ የሚገኝ ገንዘብ፣ ሰጪው ለሌላ ጕዳይ ይዋል ብሎ ካልወሰነው በቀር፣ እንዳይነካ ሆኖ በቋሚነት እንዲቀመጥና ወጪው በትርፉ እንዲሸፈን ነው። የተጠራቀመው ገንዘብ ዛሬ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። በ1917 ሳይሆን በቅርቡ፣ በ2017፣ የአሜሪካ መንግሥት ብዙ ገንዘብ ባከማቹ ኰሌጆች ላይ ግብር ሲጥል ቤርያንም ሊነካው ነበር፤ በ2018 ግን ሕጉ ተሻሽሎ የሚቈጠሩት ክፍያ የሚከፍሉ ተማሪዎች ብቻ እንዲሆኑ ስለ ተደረገ ከግብሩ ዳነ። ከዚህ ሁሉ ሀብት በፊት ግን የተራራው እናቶች የሸመኑትን የአልጋ ልብስ ለልጆቻቸው ወጪ ያመጡ ነበር፤ ከ1892 እስከ 1920 ኰሌጁን የመሩት ዊልያም ጉዴል ፍሮስትም ይህን የእጅ ሥራ በሰሜኑ አገር ገዢ ያፈላልጉለት ነበር።

ኰሌጁ የተመሠረተበት ዓላማ ግን ከክፍያ ነገር የሚሰፋ ነው። መሥራቹ ሰባኬ ወንጌል ጆን ፊ የባሪያ ጌታ ልጅ ነበሩ። ጁሌት የተባለችውን ባሪያ ከአባታቸው ገዝተው ነጻ አወጧት፤ አባታቸውም ከውርስ ነቀሏቸው። በ1855 በአንድ ክፍል ቤት ማስተማር ሲጀመር ስሙን የወሰዱት ከግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 17፣ መጻሕፍትን ዕለት ዕለት ይመረምሩ ከነበሩት ሰዎች ከተማ ነው። የኰሌጁ መሪ ቃልም ከዚያው ምዕራፍ የተወሰደ ሲሆን፣ የሰው ዘር ሁሉ አንድ ደም መሆኑን የሚናገር ነው። በ1859 መጨረሻ የታጠቁ ፈረሰኞች መጥተው የቤርያ ሰዎች በ10 ቀን ውስጥ ከአገሩ እንዲወጡ አዘዟቸው። ከርስ በርሱ ጦርነት በኋላ፣ በ1866፣ ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት ጥቁርና ነጭ፣ ወንድና ሴት በአንድ ክፍል ተቀመጡ። ባሪያ የነበሩትና የባሪያ ጌቶች የነበሩት ሰዎች ልጆች አንድ ሰሌዳ ተመለከቱ ማለት ነው።

ፍሮስት ከመጡ በኋላ ግን የኰሌጁ ዓይን ወደ ተራራው ነጮች አዘነበለ፤ የጥቁሮቹም ድርሻ እየቀነሰ ሄደ። ፊ ይህን እያዩ አዘኑ፤ በ1901ም ዐረፉ። የባሰው የመጣው ከርሳቸው ሞት በኋላ ነው። በ1904 የኬንታኪ ምክር ቤት ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ ከለከለ፤ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በኬንታኪ ያን ጊዜ ቤርያ ስለ ነበረ ሕጉ የታለመው በርሱ ላይ ነው። ኰሌጁ 1,000 ዶላር ተቀጣ፤ ይግባኝ ብሎም እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1908 ተረታ። የኬንታኪው ተወላጅ ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን ፍርዱን ተቃውመው ነበር።

በዚህ ጊዜ ኰሌጁ ያቈየው ነጮቹን ነው። ጥቁሮቹን ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ለመሄድ ረዳቸው፤ በ1912ም ለጥቁሮች ሊንከን ኢንስቲትዩት የተባለው ትምህርት ቤት እንዲከፈት አደረገ። ይህን ማድረጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለብቻ የተሠራ ቤት የኰሌጁን ቃል አልፈጸመም። የክፍያው ነገር ብቻ እየተነገረ ይህ ዘመን ሲታለፍ ሳይ ቅር ይለኛል፤ ቤርያን ከሌሎቹ የለየው ዋናው ነገር ለ46 ዓመት ተቋርጦ ነበርና።

የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ በማጥናት ስመ ጥር የሆኑት ካርተር ዉድሰን ከባርነት የወጡ ወላጆች ልጅ ሲሆኑ፣ በወጣትነታቸው ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ሥራ ወደ ትምህርት የመጡ ሰው ናቸው። ከቤርያ የተመረቁት በ1903፣ ሕጉ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። በ1912 ከሃርቫርድ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ፤ በ1926ም ዛሬ በየዓመቱ በየካቲት የሚከበረውን የጥቁሮች ታሪክ መታሰቢያ ጀመሩ። ያረፉት በ1950 ነው። በዚያው ዓመት የኬንታኪ ሕግ ተሻሻለ፤ ቤርያም ለጥቁሮች ተማሪዎች ደጁን መልሶ ከፈተ።