ጤፍን ለማጉላት ስንት ያስፈልጋል?

የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። መዳፍ ላይ አድርገው ሲያዩዋት ነጥብ ናት፤ በማክሮ ፎቶግራፍ ላይ ግን ሞላላ ቅርጿ፣ የቀለሟ ልዩነት፣ ጽንሷ ያረፈበት ጎን ሳይቀር ይታያል። እንዲህ ያለ ምስል ያየ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው የሌንሱን ዋጋ ነው። መልሱም ተስፋ ያስቆርጣል፤ የታላላቆቹ ካሜራ ሠሪዎች አዳዲስ የ100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ሌንሶች 1000 ዶላርና ከዚያም በላይ ይጠራባቸዋል። የማጉላትን ፊዚክስ ለተረዳ ሰው ግን የዚህን ዋጋ አንድ አሥረኛ በሚያወጣ ዕቃ የማይተናነስ ምስል ማንሳት ይቻላል።

በሌንስ ማስታወቂያ ላይ ከሚደረደሩት ቁጥሮች ሁሉ ለዚህ ሥራ ቀድሞ መታየት ያለበት የማጉያ መጠኑ ነው። 1 ለ 1 ማለት የነገሩ ምስል ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው በእውነተኛ መጠኑ ልክ ነው ማለት ነው፤ 1 ለ 2 ከሆነ በግማሹ። ጎናቸው ላይ ማክሮ ተብሎ የተጻፈባቸው ብዙ ዙም ሌንሶች የማጉያ መጠናቸው 1 ለ 4 ገደማ ነው። ጽጌረዳ ለማንሳት ይበቃል፤ ለጤፍ ግን የትም አያደርስም።

ሌላው የሚዘነጋው የሴንሰሩ ስፋት ነው። 24 ሜጋፒክስል ያለው ሙሉ ፍሬም ካሜራ 36 ሚሊ ሜትር በሆነው የሴንሰሩ ወርድ ላይ 6000 ፒክስል ያህል ይደረድራል። 1 ሚሊ ሜትር የምትሆነው ጤፍ በ1 ለ 1 ስትነሳ 167 ፒክስል ያህል ትይዛለች። ወርዱ 23.5 ሚሊ ሜትር የሆነ አነስተኛ ሴንሰር ያለውና እኩል ሜጋፒክስል የታጨቀበት ርካሽ ካሜራ ግን ያንኑ ጤፍ በ255 ፒክስል ይስላታል። ስለዚህ ለማክሮ ብሎ ካሜራውን ወደ ሙሉ ፍሬም ለመቀየር የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ኪሱ ቢያቆየው ይሻለዋል።

ደግሞስ 1 ለ 1 ሁልጊዜ ያስፈልጋል? ሠራተኛ ንብ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ትረዝማለች። በ1 ለ 2 ስትነሳ የአነስተኛውን ሴንሰር ወርድ ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ትሸፍናለች፤ ዓይኗንና እግሯ ላይ የተጣበቀውን የአበባ ዱቄት ለማሳየት ይህ በቂ ነው። ቀለበት፣ ቴምብር፣ የቡና አበባ ሁሉም ከ1 ለ 2 አያልፉም።

ሌንስ በቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ እንዲያሳይ በመሠረቱ ከሴንሰሩ ራቅ ማለት አለበት። ምን ያህል እንደሚርቅ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በሚፈለገው ማጉያ ይባዛል። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስን ወደ 1 ለ 2 ለማድረስ 25 ሚሊ ሜትር፣ ወደ 1 ለ 1 ለማድረስ 50 ሚሊ ሜትር ማራቅ ያስፈልጋል። ኤክስቴንሽን ቱቦ የሚባለው ዕቃ ሥራው ይኸው ብቻ ነው። በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቀለበት ነው፤ መስታወት የለውም። ታዲያ ርካሹን ከውዱ የሚለየው የኤሌክትሪክ መገናኛው ነው። መገናኛ የሌለው ቱቦ የብርሃን ቀዳዳው በካሜራ ከሚታዘዝ ዘመናዊ ሌንስ ጋር ሲገጠም ቀዳዳውን ማጥበብ አይቻልም። በእጅ የሚዞር የቀዳዳ ቀለበት ላለው አሮጌ ሌንስ ግን መገናኛው ከነጭራሹ አያስፈልግም።

ቱቦው የሚያዋጣው ለአጭር ሌንስ ነው። 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ በእጁ ያለ ሰው 1 ለ 1 ለመድረስ 200 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሊደረድር አይችልም። ለእሱ የሚሻለው ከሌንሱ ፊት የሚጠለቅ ክሎዝአፕ ሌንስ ነው፤ እንደ ንባብ መነጽር ኃይሉ በዳይኦፕተር ይለካል። 4 ዳይኦፕተር ማለት 250 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ነው፤ 200 ለ250 ሲካፈል 0.8 ይሆናል፣ ለ1 ለ 1 የቀረበ ማለት ነው። ያው መስታወት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ ቢጠለቅ የሚያስገኘው ማጉያ 0.2 ገደማ ብቻ ነው። ከአንድ መስታወት የተሠሩት በጣም ርካሾቹ የምስሉን ጠርዝ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ቀለም ይቀቡታል። ሁለት መስታወት ተጣብቆ የተሠራውና አክሮማት የሚባለው ይህን ያርማል፤ ራይኖክስ የተባለው የጃፓን ድርጅት የሚሸጠው ባለ 8 ዳይኦፕተር በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ 1.6 እጥፍ ማጉያ ይሰጣል። ቴሌ ዙም ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም።

ተራ ሌንስ ግን የሚሠራው ሩቅ ያለ ነገር ታስቦ ነው። በቱቦ ወደ ቅርብ ሲገደድ የምስሉ መሐል ጥርት ብሎ ዳሩ ይደበዝዛል። ለነፍሳት ይህ አያስጨንቅም፤ ጀርባው መደብዘዙ አይቀርምና። ጠፍጣፋ ነገር፣ ለምሳሌ የብራና ገጽ ወይም ገንዘብ፣ ሲነሳ ግን ጉዳቱ ወዲያው ይታያል። ልዩ ማክሮ ሌንስ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

የኒኮን ታሪክ ይህን ይመሰክራል። ድርጅቱ ኒፖን ኮጋኩ በሚባልበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ማይክሮ ኒኮር የተባለውን የመጀመሪያ ሌንስ ያወጣው ሰነዶችን በማይክሮፊልም ለመቅዳት ነበር። የጃፓን ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ብዙ ጭረት ያላቸው ፊደላት ከላቲን ፊደል ይልቅ እጅግ የጠራ ሌንስ ይጠይቁ ነበር። ከዚያ ዘር የመጣውና በ1979 የወጣው 55 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ዛሬም በአሮጌ ዕቃ ገበያ በ100 ዶላር አካባቢ ይገኛል። በራሱ 27.5 ሚሊ ሜትር ተስቦ 1 ለ 2 ይደርሳል፤ ሌላ 27.5 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሲታከልበት 1 ለ 1። በዚያው ዓመት የወጣው የታምሮን 90 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.5ም እንዲሁ 1 ለ 2 የሚደርስ ነው። መስታወት አልባ አስማሚ ቀለበት ተገዝቶ ሁለቱም አሁን ባሉት መስታወት የለሽ (ሚረርለስ) ካሜራዎች ላይ ይገጠማሉ።

ከሁለቱ የቱ? ይህን የሚወስነው የሚነሳው ነገር ነው። 55ቱ በ1 ለ 1 ሲሠራ ከጫፉ እስከ ነገሩ የሚቀረው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የሌንሱ ጥላ ነገሩ ላይ ያርፋል፣ ንብም ትበራለች። ከ90 እስከ 105 ሚሊ ሜትር ያሉት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይተዋሉ። ለማይንቀሳቀስ ነገር 55፣ ነፍስ ላለው ነገር 90።

ሌንሱ ተገኘ እንበል። አሁን የሚጀምረው ትግል ከብርሃን ጋር ነው። ሌንስ ከሴንሰሩ በራቀ ቁጥር የሚያደርሰው ብርሃን ይሳሳል፤ በ1 ለ 1 ላይ የኤፍ 8 ቀዳዳ የሚሠራው እንደ ኤፍ 16 ነው፣ ማለትም ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚሁ ኤፍ 8 ላይ በሙሉ ፍሬም ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 22 በማጥበብ ጥልቀቱን ለመጨመር የሚሞክር ሰው ሌላ ግድግዳ ይጋፈጣል፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ በሙሉ ይለሰልሳል። በ1 ለ 1 ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 ያለው መሐል መንገድ ይበጃል።

በዚህ የተነሳ አዲስ ሌንስ ለመግዛት የታሰበው ገንዘብ ግማሹ ለፍላሽ ቢውል ውጤቱ ይበልጣል። ከካሜራው ተነጥሎ ወደ ነገሩ የተጠጋ ተራ ፍላሽ፣ ፊቱ በነጭ ወረቀት ተሸፍኖ፣ የንብን ገላ ያለ ጠንካራ ጥላ ያበራል። በአነስተኛ ኃይል የሚፈነጥቀው ብልጭታ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ እጅግ ያነሰ ጊዜ ስለሚቆይ የእጅ መንቀጥቀጥንም ይገታል።

ለጤፏ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። 28 ሚሊ ሜትር አሮጌ ሌንስ በርካሽ ቀለበት ተገልብጦ ሲገጠም ከ1 ለ 1 አልፎ ወደ 2 እጥፍ ገደማ ያጎላል፤ ቱቦ ሲጨመርበት 4 እጥፍ መድረስም ይቻላል። በ4 እጥፍና በኤፍ 5.6 ጥልቀቱ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አንዲት ጤፍ ከፊት እስከ ኋላ እንድትጠራ ካሜራውን በፀጉር ውፍረት ያህል እያስጠጉ አሥርና ከዚያ በላይ ምስል ማንሳት፣ ከዚያም በኮምፒውተር ማዋሃድ ግድ ይላል። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ተጨማሪ ሌንስ አይጠይቅም።

አሮጌ ሌንስ የሚገዛ ሰው፣ በተለይ ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የሚያስመጣ፣ ዕቃውን መመለሻ ስለሌለው ሻጩን አስቀድሞ ፎቶ ማስላኩ አይከፋም። ሌንሱ በስልክ ባትሪ ከኋላ ሲበራ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ መተው ነው። የቀዳዳው ስስ ቆርቆሮዎች ላይ ዘይት ካለ ሲጫኑ ቶሎ አይመለሱም። ሰውነቱ ላይ ያለ ጭረት ወይም ከፊቱ መስታወት ላይ ያለች አንዲት ጠባሳ ግን ምስሉን አታበላሽም፣ ዋጋውን ለማስቀነስ ብቻ ትጠቅማለች። እነዚህን ሌንሶች ያረከሳቸው ትልቁ ጉድለት በራሳቸው ፎከስ አለማድረጋቸው ነው። በማክሮ ሥራ ደግሞ ልምድ ያላቸው አንሺዎች ራስ ሰር ፎከስን አጥፍተው፣ ሌንሱን በሚፈልጉት ማጉያ ላይ አቁመው፣ ገላቸውን ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሱ ነው የሚያነሱት።